የሌፐርድ ጌኮ ሆድ ሲጠቁር፦ ከመድኃኒቱ በፊት ወለሉን ይለኩ

ጥያቄ፦ «ሦስት ዓመት የሞላት ሴት ሌፐርድ ጌኮ፣ ማለትም በቤት የምትያዝ ትንሽ እንሽላሊት፣ አለችኝ። ከስድስት ሳምንት በፊት ሆዷ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ቡናማ ምልክት አየሁ። ቆዳዋን ልትጥል ነው ብዬ ተውኩት። ቆዳዋን ጣለች፤ ምልክቱ ግን አልጠፋም። እንዲያውም መሃሉ ሻካራ ሆነ፣ ጠርዙም ወደ ቢጫ አደላ። ፈንገስ መሆኑን ስለገመትኩ ለሰው የሚሸጥ የፈንገስ ቅባት አሥር ቀን ቀባኋት። ሌላ አርቢ ደግሞ እያደጉ ሲሄዱ ቀለማቸው ስለሚለወጥ ምንም አይደለም ብሎኛል። የምትኖረው ከሥሩ የማሞቂያ ምንጣፍ በተዘረጋለት የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ቴርሞሜትር 28 ዲግሪ ስለሚያሳይ ሙቀቱ ትክክል ነው። መብላት አላቆመችም፣ ግን ቀንሳለች። የትኛውን መድኃኒት ልጠቀም?»

መልስ፦ ስለ መድኃኒት ለመነጋገር ገና ነው። በጥያቄው ውስጥ እንደ ተረጋገጠ ነገር የተቀመጡ ሁለት ሐሳቦች አሉ፤ አንደኛው ምልክቱ ፈንገስ ነው የሚለው፣ ሁለተኛው ሙቀቱ ትክክል ነው የሚለው ነው። የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ማንም አላረጋገጠውም። ሁለተኛው ደግሞ በቀረበው ልኬት ሊባል የሚችል አይደለም፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቴርሞሜትር የሚነግረን የተለጠፈበትን ቦታና በዙሪያው ያለውን አየር ሙቀት እንጂ እንስሳዋ ሆዷን አስጠግታ የምትተኛበትን ወለል ሙቀት አይደለም። ምልክቱ ሆድ ላይ መውጣቱ፣ በአንድ ወገን ብቻ መሆኑ፣ ማሞቂያውም ከሥር መሆኑ አንድ ላይ ሲታዩ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ቃጠሎን ነው። ፈንገስም ካለ በተጎዳው ቆዳ ላይ በኋላ ተደርቦ የመጣ ሊሆን ይችላል።

የሌላው አርቢ አስተያየት በከፊል እውነት አለው፣ ለዚህች እንስሳ ግን አይሠራም። የሌፐርድ ጌኮ ጫጩት ከእንቁላል የምትወጣው በሰውነቷ ዙሪያ በተጠመጠሙ ጥቁርና ቢጫ ቀበቶዎች ነው፤ ጥቁሮቹ ቀበቶዎች በመጀመሪያው ዓመት ቀስ በቀስ እየሳሱና እየተበታተኑ ሄደው ስሟን ያወጡላት የነብር ነጠብጣቦች ይሆናሉ። አርቢዎች ሞርፍ በሚሏቸው የተመረጡ የቀለም ዓይነቶች ደግሞ ለውጡ ከዚህም ይሰፋል፤ ማክ ስኖው የሚባለው ዓይነት ሲፈለፈል ነጭና ጥቁር ሆኖ እያደገ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ቢጫ እየቀላቀለ ይመጣል፣ አልቢኖዎቹም በቀዝቃዛ ሁኔታ ሲያድጉ ቡናማነታቸው ይጎላል። ጤነኛ ጌኮም ብትሆን ሲበርዳት ጠቆር፣ ሲሞቃት ፈካ ልትል ትችላለች። እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ነገር ግን አለ። ለውጡ የሚታየው በመላ ሰውነት ወይም በግራና በቀኝ ተመጣጥኖ ነው፤ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ከሁሉም በላይ የቆዳውን ልስላሴ አይነካም። በሦስት ዓመት ዕድሜ፣ በአንድ ጎን፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ የወጣና የሚሻክር ምልክት የዕድገት ቀለም አይደለም። ቀለም ሰጪ ሕዋሳት ቆዳን ቡናማ ወይም ቢጫ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ሊያሻክሩት ግን አይችሉም።

ቆዳ መጣልን በሚመለከት ጠያቂው መጠበቃቸው ስህተት አልነበረም። ጌኮዋ ቆዳዋን ከመጣሏ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ መላ ሰውነቷ ይደበዝዛል፤ ቀጭን ነጭ ሻሽ የተከናነበች ትመስላለች። ከዚያ ከአፍንጫዋ ጀምራ ትገፈዋለች፣ አብዛኛውን ጊዜም ትበላዋለች፤ ስለዚህ የወለቀውን ቆዳ ሣጥኑ ውስጥ አለማግኘት የሚያስገርም አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚቀር ችግር ካለ የሚታየው በተለመዱት ቦታዎች ነው፤ በእግር ጣቶች፣ በጅራት ጫፍና በዓይን ሽፋን ሥር። ጣቶቿን በማጉያ መነጽር ቢመለከቷቸው የቀረው ቆዳ እንደ ጠባብ ካልሲ ጣቱን አንቆ ይታያል፤ በየጊዜው ሲደራረብ ደም መመላለሻውን ይዘጋዋል፣ ጣቱ መጀመሪያ ያብጣል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይወድቃል። ብዙ ጎልማሳ ጌኮዎች ጣት የሚጎድላቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለቤቶቻቸውም አብዛኛውን ጊዜ መቼ እንደ ጠፋ እንኳ አያውቁም። ሆድ ላይ ግን አሮጌ ቆዳ እንዲህ ተጣብቆ መቅረቱ ያልተለመደ ነው። ቆዳ ከተጣለ በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅርጽ የሚቀጥል ምልክት ጉዳቱ ከሚወልቀው ሽፋን ሥር መሆኑን ያሳያል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ የሐኪም ጉዳይ ሆኖ ነበር።

የሆድ ምልክትን በተመለከተ ብዙዎችን የሚያሳስት ሌላም ነገር አለ። የሌፐርድ ጌኮ የሆድ ቆዳ ስስ በመሆኑ ውስጡ በከፊል ይታያል። ጉበት እንደ ጠቆረ ጥላ፣ የቋጠረችው እንቁላል እንደ ሞላላ ነጭ ቅርጽ፣ የበላችው ምግብም እንደ ደብዛዛ ጥቁረት ሊታይ ይችላል። ይህን ከቆዳ ምልክት ለመለየት እንስሳዋን ንጹሕና ግልጽ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስገብተው ከሥር ይመልከቷት። ስትተነፍስና ስትንቀሳቀስ ጥቁረቱ ከቆዳው በታች ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ የውስጥ አካል ነው፤ ከቆዳው ጋር አብሮ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ከሆነ የቆዳ ነው። ውስጣዊ ጥቁረት የቆዳውን ገጽ ስለማያሻክር የእርስዎ ጌኮ ምልክት ከዚህም አይመደብም። በዚህ አጋጣሚ፣ በወፈሩ ጌኮዎች ብብት ሥር የሚታየው ለስላሳ ፊኛ መሰል እብጠትም ብዙ ጊዜ እንደ በሽታ እየተቆጠረ ጥያቄ ይመጣበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚናገረው ስለ ቀለቡ ብዛት ነው።

አሁን ወደ ቃጠሎው። ሌፐርድ ጌኮ የምትንቀሳቀሰው በምሽትና በጎህ ጊዜ ነው፤ በተፈጥሮ መኖሪያዎቿ፣ በአፍጋኒስታን፣ በፓኪስታንና በሰሜን ምዕራብ ሕንድ ደረቅ አካባቢዎች፣ ቀን ሲሞቅ ከቆየ ድንጋይ ላይ ወይም ሥር ሆዷን ዘርግታ ትሞቃለች፤ የበላችውንም የምትፈጨው በዚያ ሙቀት ነው። ድንጋዩ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እየቀዘቀዘ ይሄዳል እንጂ ሙቀት አይጨምርም። መቆጣጠሪያ የሌለው የማሞቂያ ምንጣፍ ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ሳያርፍ ያሞቃል፤ ክፍሉ ሲሞቅ፣ ወይም በላዩ ላይ ወፍራም አሸዋና ከባድ መደበቂያ ሲቀመጥ፣ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ከሥር ይጠራቀማል። ባለቤቶች «ቢያቃጥላት ኖሮ ትነሳ ነበር» ይላሉ። ልምዱ ይህን አይደግፍም። ተሳቢ እንስሳት ከመጠን በላይ ከጋለ ነገር ላይ ሳይነሱ ቆይተው መቃጠላቸው በእንስሳት ሕክምና ውስጥ የታወቀና ተደጋግሞ የሚታይ ጉዳት ነው፤ በተለይ የተቀረው ሣጥን ቀዝቃዛ ሆኖ ሙቀት የምታገኝበት ሌላ ቦታ ከሌላት እዚያው ትተኛለች።

ቃጠሎ በመጀመሪያው ቀን ቃጠሎ አይመስልም። ቆዳው መጀመሪያ ትንሽ ይቀላል ወይም ይነጣል፤ አንዳንዴ ውሃ ይቋጥራል። በሆድ በኩል ስለሆነ ማንም አያየውም። ከቀናት በኋላ የሞተው ቆዳ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ይደርቃል፣ ይሻክራል፤ ቀጥሎም ጠርዙ ከጤነኛው ቆዳ መለየት ሲጀምር ቢጫ ወይም ገርጣ ያለ መስመር ይወጣል። ጠያቂው በስድስት ሳምንት ውስጥ ያዩት ቅደም ተከተል ከዚህ ጋር እጅግ ይቀራረባል። በምስል ብቻ ወይም በጽሑፍ ብቻ ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም፤ ነገር ግን ጥርጣሬውን ዛሬውኑ በአንድ ቴርሞሜትር መፈተን ይቻላል።

ልኬቱ የሚካሄደው እንዲህ ነው። በሽቦ ጫፍ ላይ መለኪያ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ይውሰዱ። ጌኮዋ አዘውትራ የምትተኛበትን መደበቂያ ያንሡ፤ አሸዋ ካለ እስከ መስታወቱ ድረስ ይግፉት፤ የመለኪያውን ጫፍ ሆዷ በሚያርፍበት ነጥብ ላይ ያድርጉና መደበቂያውን መልሰው ይድፉበት። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያ ቁጥሩን ያንብቡ፤ ሌሊትና እኩለ ቀን ላይም ይድገሙት። በዚያ ነጥብ ላይ የሚፈለገው ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ቀዝቃዛው የሣጥኑ ጫፍ ደግሞ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ግድግዳው 28 እያሳየ ወለሉ ከ40 በላይ ሆኖ ቢያገኙት አይደነቁ። በእጅ መዳፍ መለካት ደግሞ መለካት አይደለም፤ 40 ዲግሪ የደረሰ ወለል ለሰው እጅ ደስ የሚል ሙቀት ሆኖ ይሰማል፣ ለሰዓታት ለሚተኛበት ስስ ሆድ ግን አደጋ ነው።

የፈንገሱን ነገር ደግሞ አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም፤ የጠርዙ መቢጨትና የመሃሉ መሻከር ከፈንገስም ጋር ይሄዳልና። በተሳቢ እንስሳት ላይ ከሚታዩት የቆዳ ፈንገሶች መካከል አደገኛው ናኒዚዮፕሲስ የሚባለው የፈንገስ ወገን ነው። ቀደም ባለው ጊዜ በአንድ የክሪሶስፖሪየም ስም ይጠቃለል ነበር። ጢማም ድራጎን በሚባሉት እንሽላሊቶች ላይ «የቢጫ ፈንገስ በሽታ» በሚል ስም ይታወቃል፤ በሌፐርድ ጌኮም ላይ ከላይኛው ቆዳ አልፎ ወደ ጥልቁ ሥጋ ሲዘልቅ ታይቷል። የሚመገበው ቆዳንና ጥፍርን የሚሠራውን ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን ሲሆን የተላጠ፣ የተቃጠለ ወይም ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ቆዳ በር ይከፍትለታል። ስለዚህ «ቃጠሎ ነው ወይስ ፈንገስ?» ብሎ ከሁለት አንዱን መምረጥ አያስፈልግም፤ አንዱ ሌላውን ሊጠራው ይችላል። ማሞቂያውን ሳያስተካክሉ ፈንገሱን ማከም፣ ወይም ማሞቂያውን አስተካክሎ ፈንገሱን መተው፣ ሁለቱም ግማሽ ሥራ ናቸው።

የተጠቀሙት ቅባት ለምን አልሠራም ለሚለው ምላሹ ቀላል ነው። ለሰው እግር ጣት ፈንገስ የተዘጋጀ ቅባት ላይ ላዩን ይሠራል፤ በተሳቢ እንስሳ ቆዳ ውስጥ ወደ ታች የዘለቀን ፈንገስ አይደርስበትም። ከዚህም የከፋ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ቅባትነቱ የቁስሉን እርጥበት ያፍነዋል፤ እንስሳዋ ልሳ ትውጠዋለች፤ በገበያ ካሉት የፈንገስ ቅባቶችም አንዳንዶቹ ኮርቲዞን መሰል መድኃኒት የተቀላቀለባቸው በመሆናቸው መቅላቱን እየሸፈኑ የቆዳውን መከላከያ ያዳክማሉ። በቱቦው ላይ የተጻፈውን ይመልከቱና የያዛቸውን ነገሮች ስም ለሐኪሙ ይዘው ይሂዱ። የአሥር ቀኑ ቅባት ሐኪሙ ከቆዳዋ የሚወስደውን ናሙና ውጤትም ሊያዛባ ስለሚችል ይህን ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ ናሙናውን ለጥቂት ቀናት ሊያዘገየው ወይም ከጥልቁ ክፍል ለመውሰድ ሊወስን ይችላል። የሕመም ማስታገሻ የተጨመረባቸው የቁስል ቅባቶች፣ የሻይ ዛፍ ዘይትና ሌሎች የዕፅዋት ዘይቶችም ለዚህች ትንሽ እንስሳ መርዝ ሊሆኑ ስለሚችሉ ፈጽሞ አይቀቡ።

ሌሎች ምክንያቶችን በአጭሩ ላንሣ። ባክቴሪያ የሚያመጣው የቆዳ ቁስል ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፤ ባለቤቱ የሚጠብቀው ፈሳሽ መግል ግን በተሳቢ እንስሳት ዘንድ የለም፤ መግላቸው እንደ አይብ የጠጠረ ስለሆነ ጠንካራ ጉብታ እንጂ የሚፈስ ቁስል ላይታይ ይችላል። መላው የሆድ ቆዳ ቢቀላ ወይም እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀያይ ነጥቦች ቢረጩበት ባክቴሪያው ወደ ደም ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ይህ የዚያው ቀን አስቸኳይ ጉዳይ ነው። በዓይንና በብብት ዙሪያ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ነጥቦች የቆዳ ተባዮች ናቸው። ለምግብ የተለቀቁ ፌንጣዎች ሌሊቱን ሣጥኑ ውስጥ ሲያድሩ ጌኮዋን ይነክሷታል፤ ንክሻውም በኋላ ጠቁሮ ይታያል። ሰውነቷ በሙሉ ከገረጣና ጅራቷ እየቀጠነ ከሄደ ደግሞ ነገሩ ከቆዳ አልፎ ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ በዚህ መልክ ይመጣል፣ እሱን የሚመረምሩት በሰገራ ነው።

አንድ የቀለም ዓይነት ግን ለብቻው ሊጠቀስ ይገባዋል። ጌኮዎ ሌመን ፍሮስት ከሚባለው ሞርፍ ከሆነች፣ ወይም የዘር ሐረጓ የማይታወቅና ቢጫዋ በነጭ ብልጭታ የደመቀ ከሆነ፣ ሆዷ ላይ የሚወጡ ነጫጭ ወፍራም እብጠቶች ዕጢ ሊሆኑ ይችላሉ። በ2021 የወጣ የዘረመል ጥናት ይህን ቀለም የሚያመጣውን ለውጥ ስፒንት1 ከተባለው ዘረመል ጋር አያይዞታል፤ ከእነዚህ ጌኮዎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑትም ብርሃን ከሚያንጸባርቁት የቆዳ ሕዋሳት የሚነሣ ዕጢ ያወጣሉ። እንስሳዋን ውብ የሚያደርጋት ሕዋስ ራሱ ነው የሚያሳምማት። በዚህ ሞርፍ ማራባት መቅረት አለበት ብዬ አምናለሁ። የእርስዎ ጌኮ ምልክት ቡናማና ሻካራ እንጂ ነጭና ወፍራም ባለመሆኑ ይህን በቅድሚያ አልጠረጥርም፤ ናሙናው ሲመረመር ግን አብሮ ይታያል።

ዛሬ ማድረግ የሚገባዎት ይህ ነው። ቅባቱን ያቁሙ። ምንጣፉን ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ፣ እስኪገጠምለት ድረስ ያጥፉት፤ ሆኖም እንስሳዋን በብርድ አይተዋት፤ የበረዳት ጌኮ ምግብ አትፈጭም፣ ቁስሏም አይድንም። መቆጣጠሪያ ባለው አምፖል ከላይ ያሙቁላትና ከአምፖሉ ሥር ያለውን ወለል በዚያው ቴርሞሜትር እየለኩ ከ31 እስከ 32 ዲግሪ ያቆዩት። ቴርሞስታቱ ሲገዛ የመለኪያው ጫፍ የሚቀመጠው በወለሉ ላይ፣ በምንጣፉ ልክ ትይዩ እንጂ በግድግዳ ላይ ወይም በአየር ላይ ተንጠልጥሎ አይደለም፤ ቴርሞስታት ተገጥሞም ቃጠሎ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ስህተት ነው። አሸዋውን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ጽሕፈት የሌለበት ነጭ ሶፍት ያንጥፉ፤ በየቀኑም ይቀይሩት፤ ቁስሉ ፈሳሽ ቢያወጣ በነጩ ላይ ወዲያው ይታያል። በቀዝቃዛው ጫፍ ለቆዳ መጣያ የምትጠቀምበት እርጥብ መደበቂያ ይቆይ፤ ውስጡ ያለው እርጥብ ወረቀት ግን በየቀኑ መለወጥ አለበት። የሣጥኑ ሌላ ክፍል ደረቅ ይሁን። ቁስሉ እስኪዘጋ ድረስ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አይዘፍዝፏት፤ ለተጣበቀ ቆዳ የሚሠራው መዘፍዘፍ ለክፍት ቁስል አይሠራም። ቆሻሻ ካለበት በፋርማሲ በሚገኝ ንጹሕ የጨው ውሃ ቀስ ብለው ያጥቡት። የደረቀውን ቅርፊት ግን አይላጡት፣ አይፈልቅቁት፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ገና አልተዘጋም።

ከዚህ ጋር ሁለት መዝገቦች ይያዙ። አንደኛው ፎቶ ነው፤ በየሦስት ቀኑ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ ከምልክቱ ጎን ማስመሪያ ተቀምጦ። የስልክ ካሜራ ቀለሙን እንደ ብርሃኑ ስለሚለዋውጠው በፎቶ ላይ የሚታመነው ቀለሙ ሳይሆን በሚሊሜትር የሚለካው ስፋት ነው። ሁለተኛው ክብደት ነው፤ በግራም በሚመዝን ሚዛን በየሳምንቱ ይመዝኗት። ምግብ መቀነሷ ብቻውን ብዙ ላይናገር ይችላል፤ ከክብደቷ አንድ አሥረኛው ከቀነሰ ግን ሕመሙ ከቆዳው በላይ መሆኑን ይናገራል። ሌሎች ጌኮዎች ካሉዎት ይለዩአት፤ ከነኳት በኋላም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጤነኛ የምትመስል ጌኮም ሰውን የሚያሳምመውን ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች።

ወደ ሐኪም የሚሄዱት በዚህ ሳምንት ነው፤ ቀጣዩን ቆዳ መጣል አይጠብቁ። የሚቻል ከሆነ ተሳቢ እንስሳትን የማከም ልምድ ያለው ይምረጡ፤ ካልተገኘም ማንኛውም የእንስሳት ሐኪም ናሙናውን ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይችላል። የሚያስፈልገው የቆዳ ቁራጭ፣ ማለትም ባዮፕሲ ነው። ቁራጩ የሚወሰደው ከመሃሉ አይደለም፤ መሃሉ የሞተ ሥጋ ስለሆነ ብዙ አይናገርም። የታመመውና ጤነኛው ቆዳ ከሚገናኙበት ጠርዝ ይወሰድና ከፊሉ ፎርማሊን በተባለ ናሙና ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ከፊሉ ፎርማሊን ሳይነካው ለፈንገስና ለባክቴሪያ ማሳደጊያ ይላካል። ቁስሉን በጥጥ ጠርጎ ማሳደግ ብቻውን ያሳስታል፤ ወለል ላይ የሚኖሩ ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ሁሉ አብረው ይበቅላሉ፣ ከመካከላቸውም የበሽታው ባለቤት የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሥጋው ውስጥ ዘልቆ ሲታይ ነው። ናሙናው የእንሽላሊት መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ እነዚህ ፈንገሶች የሚያድጉት 30 ዲግሪ አካባቢ ባለ ሙቀት ነው፣ ጊዜም ይወስዳሉ፤ ላቦራቶሪው ይህን ካላወቀ «ምንም አልበቀለም» የሚል ወይም ከሰው የቆዳ ፈንገስ ጋር ያምታታ መልስ ሊመጣ ይችላል።

ቃጠሎ ብቻ ሆኖ ከተገኘ ሕክምናው ትዕግሥት የሚጠይቅ እንጂ የተወሳሰበ አይደለም፤ ሐኪሙ ለቃጠሎ የሚሆን የብር ሰልፋዳያዚን ቅባት፣ የሕመም ማስታገሻና እንደ ሁኔታው ፀረ ባክቴሪያ ሊያዝ ይችላል። ፈንገስ ከተረጋገጠ ደግሞ በአፍ የሚሰጥ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ቮሪኮናዞል፣ ኢትራኮናዞል ወይም ተርቢናፊን ከሚታሰቡት መካከል ናቸው። መጠኑን እዚህ አልጽፍም። ሃምሳና ስድሳ ግራም በምትመዝን እንስሳ ላይ የአንድ ጠብታ ስህተት ትልቅ ስህተት ነው፤ መድኃኒቶቹም ጉበትን ሊጎዱ ስለሚችሉ ሐኪሙ እየተከታተለ የሚሰጣቸው ናቸው፣ ያውም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት። ወደ ጥልቁ የዘለቀ ፈንገስ በወቅቱ ቢታከምም ሁልጊዜ እንደማይድን አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል። ናሙና ሳይወሰድ «ለማንኛውም» ተብሎ መርፌ ቢታዘዝ ምን ለማከም እንደታዘዘ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ ምልክቱ በቀናት ውስጥ ቢሰፋ፣ ሌላ ቦታ ሁለተኛ ምልክት ቢወጣ፣ ቁስሉ ቢሸት ወይም ቢደማ፣ እግሯ ወይም መንጋጋዋ ቢያብጥ፣ ፈጽሞ መብላት ብታቆም፣ ወይም ስትነካ ራሷን የማታነሣ ብትሆን ቀጠሮውን ትተው በዚያው ቀን ይውሰዷት።

ቁስሉ ሲዘጋ በየቆዳ መጣያው ጊዜ ጥቂት ጥቂት እየተሻሻለ ይሄዳል፤ ቃጠሎው ላይ ላዩን ከነበረ ከሁለትና ከሦስት ጊዜ ቆዳ መጣል በኋላ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ጠልቆ ከነበረ ግን ቀለም ሰጪ ሕዋሳቱ አብረው ስለሚጠፉ በቦታው የገረጣ ወይም የጠቆረ ለስላሳ ጠባሳ ዕድሜ ልኳን ይቀራል። ያን ጠባሳ በማስመሪያው ለክተው በመዝገቡ ላይ ይጻፉት፤ ልኩ እስካልተለወጠና እስካልሻከረ ድረስ ዳግመኛ ቅባት አያስፈልገውም።